ሰማያዊ ወይስ ጥቁር? ስለ ጠላቂ ሰዓት ቀለም የመጡ ጥያቄዎች

ውድ የጠላቂ ሰዓት ለመግዛት ካሰባችሁ ሰዎች የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ። አብዛኞቹ ስለ ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ናቸው፤ ጥቂቶቹ ስለ ሮሌክስ ሰብማሪነር። የዋጋውን ጉዳይ ለዛሬ እንተወው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምገዛው፣ ሲማስተር። ሰማያዊ ወይስ ጥቁር? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰማያዊውን ግዛና ተኛ ወንድሜ። "አንድ ብቻ ከሆነ ጥቁር ነው" የሚለው ምክር ለሰብማሪነር ይሠራል። እሱ በ1953 ሲወጣ ጀምሮ ጥቁር ነው፤ ሰው ስሙን ሲሰማ ዓይኑ ላይ የሚመጣውም ጥቁር ነው። ሲማስተር ግን የታወቀው በሰማያዊ ነው። በ1995 ለፊልሙ ሰላይ ለጄምስ ቦንድ ሰዓቱን የመረጠችለት የፊልሙ ልብስ አዘጋጅ ሊንዲ ሄሚንግ ናት። ሰውየው የባሕር ኃይል መኮንን ስለሆነ ሰማያዊ ሲማስተር ይስማማዋል ብላ ነው።

ከ2018 ወዲህ ያለው ደግሞ ፊቱ ሴራሚክ ነው፤ የማዕበል ቅርጽ በሌዘር ተቀርጾበታል። ሰማያዊው ላይ ብርሃን ሲያርፍ የማዕበሉ ጠርዝ አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይጨልማል። ጥቁሩ ላይ ማዕበሉ ዝም ይላል። ጥቁሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሰዓቱን ሰዓት ያሰኘው ነገር ግን ይደበቅበታል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሰማያዊ ሱቅ ሄጄ ሳየው ሌላ ነው። ተሸወድኩ እንዴ?

አልተሸወድክም። ፎቶው ኃይለኛ መብራት ስር የተነሳ ነው። ሰማያዊ ፊት ደብዘዝ ባለ ብርሃን ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈካል። ሻጩን "መስኮት ጋ ልየው" በለው፤ ደንበኛ የሚፈልግ ሻጭ እምቢ አይልም። መስኮቱ ጋ አይተህ ስታበቃ ጀርባህን ለብርሃን ሰጥተህ በጥላህ ውስጥ እየው። ቀንህን የምታሳልፈው ቢሮ ውስጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የምታየው ያንን ሁለተኛውን ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ ለእውነተኛ ጠላቂ የትኛው ቀለም ይሻላል?

ውኃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው። ጥቂት ሜትር እንደወረድክ ቀይ ነገር ግራጫ መምሰል ይጀምራል፤ ሰማያዊ ግን ሩቅ ድረስ ይወርዳል። ዶክሳ የሚባለው ሰዓት ሠሪ በ1967 ሰብ 300 የተባለውን ሰዓት በብርቱካናማ ፊት ያወጣው ውኃ ውስጥ በደንብ እንዲነበብ ብሎ ነው፤ ጥልቀቱ ሲጨምር ግን እሱም ይደበዝዛል። ዋናው ነገር ቆጣሪዎቹ ከፊቱ ተለይተው መታየታቸው ነው። ስለዚህ ጥቁር ፊት ላይ ወፍራም ነጭ ቆጣሪን እስካሁን የረታው የለም።

በጨለማ ደግሞ የፊቱ ቀለም ከጨዋታ ውጪ ነው። ሲማስተር ላይ የሚያበራው ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። የደቂቃ ቆጣሪውና ፊቱን ከቦ የሚሽከረከረው ቀለበት ላይ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ያበራሉ፣ ሌላው ሁሉ ሰማያዊ። ጠላቂው ውኃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ የሚለካው በእነዚያ በሁለቱ ነው፤ ሌላውን ማየት አይጠበቅበትም። እኔ ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት።

ጥያቄ፦ እጄ ቀጭን ነው፣ ነጩን ሲማስተር ወድጄዋለሁ። ይከብደኛል?

እህቴ፣ ነጭ ፊት ሰዓትን ተለቅ ያስመስላል፤ ይሄኛው ደግሞ 42 ሚሊሜትር ነው። አስረሽው መስታወት ፊት ቁሚ፣ ከክንድሽ ራቅ አድርገሽ እዪው። ጫፎቹ ከእጅሽ ስፋት ካልወጡ ውሰጂው። ነጩ ላይ ቆጣሪዎቹና ምልክቶቹ በጥቁር ስለተከበቡ ቀን ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ለእኔ ከሁሉም የተናቀው ቀለም እሱ ነው፣ ያለ አግባቡ።

ጥያቄ፦ ቀን የሚያሳየው መስኮት ፊቱን አያበላሸውም? እኔ የምከተለው ደግሞ የኛን የቀን አቆጣጠር ነው።

ሲማስተር ላይ መስኮቱ 6 ቁጥር ጋ ነው፤ የቀኑ ጀርባ ከፊቱ ጋር በቀለም ስለሚመሳሰል ዓይን አይወጋም። የኛን ቀን ልሙላበት ካልክ ግን ሥራ አለብህ። ሰዓቱ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የኛ ወር 30 ነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን በእጅህ ታሳልፋለህ፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከ5 (በየአራት ዓመቱ ከ6) ተነስተህ 31ን አልፈህ 1 እስክትደርስ ታዞራለህ።

በሐበሻ ሰዓት ከሞላኸው ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀኑ የሚገለበጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ስለሆነ፣ ካስተካከልከው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየርልሃል። ማታ 12 ላይ ከተቀየረ ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር አዙርና ቀኑን አስተካክል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ካልጣመህ ቀን የሌለው ሰብማሪነር አለልህ። ፊቱ ግን ጥቁር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ ሰብማሪነር ልግዛ?

የትኛውን? "ሃልክ" የሚሉት፣ ፊቱም ቀለበቱም አረንጓዴ የሆነው፣ ከ2010 እስከ 2020 ነው የተሠራው፤ አሁን የሚገኘው ያገለገለ ገበያ ላይ ነው። አሁን የሚመረተው ቀለበቱ አረንጓዴ፣ ፊቱ ጥቁር ነው። በብረት ሰማያዊ ፊት ያለው ሰብማሪነር እንደሆነ አትፈልግ፣ የለም። ሰማያዊ ፊት ካማረህ ወርቅ ያለበትን መግዛት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙ በፀሐይ ይለቃል?

ሴራሚክ አይለቅም። የድሮዎቹ የአሉሚኒየም ቀለበቶች ግን ይለቁ ነበር፤ የድሮ ጥቁር ፊቶችም አንዳንዶቹ ወደ ቡናማ ተለውጠዋል። ሰብሳቢዎች ለዚያ ጭማሪ ይከፍላሉ፣ እንግዲህ ምን ይባላል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊውን ገዝቼ ቢሰለቸኝስ?

ሰዓቱን ከመሸጥህ በፊት ማሰሪያውን ቀይር። ሲማስተር ላይ የሚገባው 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው። ሰማያዊ ፊት በጥቁር ጎማ ረጋ ይላል፣ በብረት ሰንሰለት ያበራል፣ በግራጫ ጨርቅ ሌላ ሰዓት ይመስላል። ቡናማ ቆዳም ያምርበታል፣ ዋና ስትገባ ግን አውልቀው።