«የሰው ኢንዛይም» ማለት ከሰው የተወሰደ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልህ፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ለስብ ምርምር የምንጠቀምበት ሊፖፕሮቲን ሊፓዝ የሚባል ኢንዛይም አለን፣ አብሮት የመጣው ወረቀት የሰው እንደሆነና ሃምስተር በሚባል አይጥ መሰል እንስሳ ሴል እንደተመረተ ይላል። የፍሪዘሩን ዝርዝር በአማርኛ ስሠራ «ዳግም የተቀናጀ የሰው ስብ አቅላጭ ኢንዛይም» ብዬ ጻፍኩት። አንዱ ተማሪ አንብቦ «ከማን ነው የወሰዳችሁት?» አለኝ። ምን ብል ይሻላል? ደግሞስ «ስብ» ልበል ወይስ «ሊፒድ»?

መልስ፦ ተማሪው አልተሳሳተም እህቴ፣ ጣጣው ያለው «የ» ላይ ነው። «የ» ባለቤትንም መገኛንም ዝርያንም የተሠራበትንም ነገር ባንዴ ተሸክማ ነው የምትዞረው፣ የቱን ማለቷ እንደሆነ የሚገባን ነገሩን ቀድመን ስለምናውቀው ነው እንጂ እሷ ራሷ አትነግረንም። «የመንዝ በግ» ሲባል በጉ አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ቢያድግም የመንዝ በግ ነው፣ ዝርያው ነዋ፣ እናንተ ሀገር ይሄን ማንም አይጠይቅም።

ኢንዛይም ላይ ግን እንደዛ የሚታወቅ ነገር የለም። እንደውም እዛው ፍሪዘር ውስጥ «የላም ሊፖፕሮቲን ሊፓዝ» የሚል ቢኖር እሱ የምር ከላም የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ወተቷ ውስጥ በደንብ ስላለ ከዛ እያጣሩ ያወጡታል። ስለዚህ ሰው በላሟ ልክ «የሰው»ንም ከደም ወይ ከጡት ወተት የተወሰደ ነው ብሎ ቢያስብ ሰዋስው አይከለክለውም። የናንተው ከሰው ያገኘው ግን የጂኑን መመሪያ ብቻ ነው፣ ጂኑን ሃምስተር ሴል ውስጥ ያስገቡታል፣ ሴሉ እሱን እያነበበ ፕሮቲኑን ይሠራል። ኢንሱሊንም ላይ ይሄው ነው፣ ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በባክቴሪያ የተመረተ «የሰው ኢንሱሊን» ገበያ ላይ አለ፣ ከሰው ቆሽት የተቀዳ አይደለም።

«ዳግም የተቀናጀ» የሚለውን ተዪው። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ደርድሮ ስሙን መጨረሻ ስለሚያመጣ «ዳግም የተቀናጀ የሰው» ሲባል ጆሮ ቀድሞ የሚይዘው ዳግም የተቀናጀ ሰው ነው፣ ትንሣኤ ሙታን አስመሰልሽው እኮ! ደሞ የተቀናጀው ዲኤንኤው ነው እንጂ ኢንዛይሙ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ስታንሊ ኮሀንና ኸርበርት ቦየር በ1973 እ.ኤ.አ. ቆርጠው የቀጠሉት ዲኤንኤ ነው። እንግሊዝኛውን እንዳለ ሪኮምቢናንት ብለሽ ብትተዪው ላብራቶሪ የሚሠራ ሁሉ ይገባዋል፣ እኔ በግሌ በግድ ተተርጉሞ ከሚያሳስት ቃል በፊደላችን የተጻፈ የውጭ ቃል እመርጣለሁ።

ከሁሉ ያልወደድኩት «ስብ አቅላጭ» የሚለውን ነው። ማቅለጥ የእሳት ሥራ ነው፣ ቅቤ ይቀልጣል ሞራ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፣ ያው ቅቤ ያው ሞራ ነው። ይሄ ኢንዛይም ግን የቀጫጭን ደም ስሮች ግድግዳ ላይ ተቀምጦ በደም የሚያልፈውን ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ በውሃ እየሰነጠቀ ፋቲ አሲድ ያወጣል፣ ከዛ ጡንቻ ያቃጥለዋል ወይ ደግሞ የስብ ህዋስ ተቀብሎ መልሶ ያከማቸዋል። ያከማቸዋል እኮ ነው የምልሽ! «አቅላጭ» ብለሽ ስትጽፊ ያ ቦርጭ ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠው ሻይ ነው ትዝ የሚለው፣ ሥራው ግን ስቡን ከደም አንስቶ ወደ ህዋስ ማስገባት ነው። «ሰንጣቂ» በይው። «መቅለጥ»ን ለማከማቻው መመሪያ አስቀምጪው፣ ኢንዛይም እየቀለጠ እየቀዘቀዘ ሲመላለስ ኃይሉን ስለሚያጣ «ደጋግሞ አይቅለጥ» የሚለው እዛ ላይ ቦታው ነው።

ስብ ወይስ ሊፒድ ላልሽው፣ ለዚህ ኢንዛይም ስብ ይበቃል። ምርምሩ ኮሌስትሮልንም የሚነካ ከሆነ ግን ስብንም ኮሌስትሮልንም የሚያቅፈውን ሊፒድ የሚለውን ስም በይ፣ ኮሌስትሮል ሊፒድ ነው እንጂ ጮማ አይደለም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሊፖፕሮቲን ሊፓዝ፣ ስብ ሰንጣቂ ኢንዛይም፤ ሪኮምቢናንት፤ በሰው ጂን መሠረት በሃምስተር ሴል የተመረተ፤ ለምርምር ብቻ የሚውል»። ረዘመ ካልሽ «ስብ ሰንጣቂ ኢንዛይም» የሚለውን አውጪው፣ «በሃምስተር ሴል የተመረተ» የሚለውን ግን እንዳትነኪው፣ የተማሪውን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።