የቀለም ፕሪንተር ለምትይዙ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ሰኞ ገበያ አካባቢ ጽሕፈት ቤት የከፈተች አንዲት ልጅ የቀለም ሌዘር ፕሪንተሯን በባጃጅ ጭና ወደ እኔ መጣች። በምታትመው ወረቀት ሁሉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ እየወጣ ደንበኞቿ ሥራውን መልሰውባታል። «ጋሼ፣ አራቱንም ቶነር ገዛሁ፤ ሰማያዊውን ቀየርኩት፣ ነጥቡ ግን አልጠፋም» አለችኝ። የቀሩትን ሦስቱን እንዳልተከፈቱ በፌስታል ይዛቸዋለች። «አብሽሪ» አልኳትና ከጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ አነሳሁ።

ነጥቡ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ሦስት ጊዜ ይታይ ነበር፤ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለውን ስለካው 94 ሚሊ ሜትር ሆነ። የዚያ ማሽን ድራም፣ ማለትም ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሲሊንደር፣ ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሸፍነው ርዝመት ልክ ይኸው ነው። የተጎዳው እንግዲህ ቶነሩ ሳይሆን ሰማያዊው ድራም ነበር። አውጥቼ ሳየው አንድ ቀጭን ጭረት አለበት። ወረቀት ነክሶባት በመቀስ ጫፍ ጎትታ ልታወጣ ስትሞክር የጫረችው መሆኑን በኋላ ራሷ አስታወሰች።

ለእናንተ ልጽፍላችሁ የፈለግሁትም በአብዛኛው ይህንኑ ነው፦ ማሽኑን ከመክፈታችሁና ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት የወጣውን ወረቀት አንብቡ። ወረቀቱ እንዲነግራችሁ ግን በማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ አለባችሁ። ድራም ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሪካዊ ጸባዩ የሚለወጥ ስስ ሽፋን የለበሰ ሲሊንደር ነው፤ ሌዘሩ በላዩ ላይ በብርሃን ይጽፋል፣ ቶነሩም ሌዘሩ የጻፈበት ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል። ቶነር ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ ማሽኖች ሰማያዊው፣ ማጀንታው (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ)፣ ቢጫውና ጥቁሩ ከየድራማቸው ተነሥተው አንድ ቀበቶ ላይ ይደራረቡና ወደ ወረቀቱ ይተላለፋሉ፤ በመጨረሻም ፊውዘሩ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀትና በግፊት ዱቄቱን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል።

ይህን ካወቃችሁ ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ፊውዘሩን ትጠረጥራላችሁ፤ ከዚያም በፊት ወፍራም ካርድ አስገብታችሁ ማሽኑን ተራ ወረቀት ነው ብላችሁት እንደሆነ ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ማሽኑ የሚሰጠው ሙቀት በነገራችሁት የወረቀት ዓይነት ልክ ነው። ከላይ እስከ ታች ያልተቋረጠ ነጭ መስመር ከታየ ሌዘሩ የሚያልፍበት መስታወት አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ባለቀለም ጥላ ካወጣ ደግሞ ቀለሞቹ አልተገጣጠሙምና ከማውጫው ውስጥ ካሊብሬሽን፣ ማለትም ቀለሞቹን ራሱ እንዲያስተካክል፣ አዝዙለት። ድራሙን በጣት አትንኩ፤ አውጥታችሁ ማስቀመጥ ካለባችሁም ጨርቅ አልብሱት፣ ብርሃን ይጎዳዋልና።

ይህን የምላችሁ እኔ ሳላጠፋ ቀርቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የምረቃ ሰርተፍኬት ላትም ተዋውዬ፣ ያምርልኛል ብዬ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ገዛሁ። ለኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም ለሚረጨው ፕሪንተር፣ የተሠራ መሆኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሽፋኑ ቀልጦ ፊውዘሩ ላይ ተጠቀለለና ሱቁ በተቃጠለ ፌስታል ሽታ ተሞላ። የሥራው ገቢ ለፊውዘር መግዣ ሄደ፤ ሰርተፍኬቱንም በራሴ ብር ሌላ ቤት አሳተምኩ።

ሌላው ነገር ማሽኑ የደሴን አየር አለማወቁ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቶነሩ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሻገረው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ የኅትመቱ ጥራት ሊዛባ ይችላል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ፋብሪካዎች ማውጫው ውስጥ የከፍታ ማስተካከያ ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ደህና ሲያትም የቆየ ማሽን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ቢለግምባችሁ፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት እዚያ ግቡና እዩ።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቅ ድረስ በሚገባበት ጊዜ፣ ችግሩ ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ይነክሳል፣ ቀለሙንም በየቦታው እኩል አይቀበልም። ስለዚህ እሽጉን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ የከፈታችሁትንም ማታ ማታ ወደ ማሸጊያው መልሱት። ወረቀት ሲነክስ በሁለት እጅ፣ በቀስታ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ሳቡት። ፊውዘር ያልደረሰ ወረቀት ከሆነ ዱቄቱ ገና ስላልተጣበቀ እጃችሁንና ልብሳችሁን ያቆሽሻል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡት፣ ሙቅ ውኃ ያስይዘዋልና። በተራ የቤት ቫኪዩም ለመምጠጥም አትሞክሩ፤ ዱቄቱ በማጣሪያው አልፎ ሱቁን ሁሉ ያለብሰዋል።

መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋባችሁ ብላችሁ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ አትሰኩት። ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ያስጮኸዋል፣ ከዚያም ያጠፋዋል። ይልቅስ የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል፣ አቅሙ የሚበቃ ስታቢላይዘር ግዙለት።

መሥሪያ ቤት ለተቀጠራችሁት አንድ ቃል አለኝ። ሰኔ ሲደርስና በጀት ሊዘጋ ሲል ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ማሽኑ በዓመት የሚበላውን ቶነር ግን ማንም አይደምርም። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነር ብዙውን ጊዜ ሙሉ አይደለም። ካርቶኑ ላይ 2,000 ገጽ የሚለውም እያንዳንዱ ቀለም የገጹን 5 በመቶ ብቻ ሲሸፍን ነው፤ 20 በመቶ የሚሸፍን ሥራ ካተማችሁበት 500 ገጽ ገደማ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ማሽን ቢጫው ስላለቀ ብቻ ጥቁር ደብዳቤ አላትምም ይላል። ስለዚህ ለደብዳቤው ጥቁር ብቻ የሚያትም ርካሽ ፕሪንተር ጎን ለጎን መያዝን እመርጣለሁ፤ የቀለሙ ማሽን ለቀለም ሥራ ይቆይ።

ማኅተም ያለበትን ማስረጃ «በቀለም አባዝልኝ፣ ዋናውን ይምሰል» የሚላችሁ ሰው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ብዙ የቀለም ሌዘር ማሽኖች በዓይን የማይለዩ ደቃቃ ቢጫ ነጥቦችን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያሳርፋሉ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የአንዱን ማሽን ነጥቦች ፈትተው መለያ ቁጥሩንና የታተመበትን ቀንና ሰዓት አንብበዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ቡና ጋብዤ ነው የምሸኘው።

ልጅቷ ድራሙን ብቻ ቀይራ ሄደች። ሦስቱ ቶነሮች ከነማሸጊያቸው ፀሐይ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ይገባሉ። ማስመሪያዬንም ይዛው ሄዳለች፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።