ላይካ እስክትገዢ አትጠብቂ፤ ስለ መጀመሪያ ሬንጅፋይንደር ካሜራ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ በአጭሩ ልመልስልሽ ጀመርኩና ተውኩት፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ያልሽው ይህን ነው፦ ሀዋሳ ትኖሪያለሽ፣ የሁለት ዓመት ልጅ አለችሽ፣ እስካሁን በስልክ ስታነሺ ቆይተሽ አሁን ልጅሽንና ሰፈሩን የምታነሺበት በፊልም የሚሠራ ሬንጅፋይንደር ካሜራ አምሮሻል፤ ማለትም በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መስኮት እያየሽ፣ ሁለት ምስል አጋጥመሽ ፎከስ የምትይዢበት ካሜራ። ወንድምሽ በጥር ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ ካሜራ ሊያመጣልሽ ይችላል። ለውዱ ላይካ ሁለት ዓመት ልቆጥብ፣ ወይስ ካኖኔት ወይም ያሺካ ኤሌክትሮ ይበቃኛል ነው ጥያቄሽ። የሶቪየቱ ዞርኪም በርካሽ ይገኛል ሲባል ሰምተሻል።

የእኔ መልስ ካኖኔት ኪውኤል17 ጂ3 ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ ግን ልንገርሽ፤ ወንድምሽ እሱን አጥቶ ሌላ ቢያገኝ ምን ማየት እንዳለበት ያኔ ታውቂያለሽ።

እኔ የጀመርኩት በዞርኪ 4 ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ሲመለስ ይዞት የመጣ ካሜራ ነበር። ጁፒተር 8 የምትባል 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 ሌንስ አለችው (ሚሊሜትሩ ሲያንስ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባል፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)፤ ሌንሷን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ካሜራው ግን ለጀማሪ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው፣ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ሳታሳልፊ የፍጥነት ቁልፉን ካዞርሽ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው በእኔ የደረሰው ነው። የዞርኪ ሻተር፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው በር፣ የጨርቅ መጋረጃ ነው፤ ከሌንሱ ጀርባ ፊልሙን ሸፍኖ ይቀመጣል። እንደ ዜኒት ያሉት ካሜራዎች በመሀል መስታወት ስላላቸው ብርሃኑ ቀጥታ ጨርቁ ላይ አያርፍም፤ ሬንጅፋይንደር ግን መስታወት የለውም። ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ ከቆየ፣ ልጆች ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት እንደምናቃጥለው ጨርቁን ይበሳዋል።

ሐይቃችን ከከተማው በስተ ምዕራብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በውኃው በኩል ናት። አንድ እሁድ አሥር ሰዓት ገደማ ፍቅር ሐይቅ ተቀምጠን ካሜራውን ያለ ክዳን፣ ሌንሱን ሽቅብ ወደ ሐይቁ አዙሬ ጠረጴዛ ላይ አስደገፍኩት። ቡና እስክንጠጣ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም አነሳሁ፤ አንደኛው የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና፣ ሰማንያ ቀኗ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ነጠብጣቡ ያረፈው እናቴ ፊት ላይ ነው። እናቴ አሁን የለችም። ስለዚህ ካሜራ ከመምረጥሽ በፊት ሻተሩ ምን ዓይነት ነው ብለሽ ጠይቂ ስልሽ ከልቤ ነው።

በፊልም የሚሠሩት የላይካ ኤም ካሜራዎችም መጋረጃቸው ጨርቅ ነው። ካኖኔትና ያሺካ ኤሌክትሮ ግን ሻተራቸው ሌንሱ ውስጥ ያለ ስስ የብረት ቅጠል ነው፤ ፀሐይ አይበሳውም። ድምፁም ከላይካ እንኳ ያነሰ ነው፤ የተኛች ልጅ አይቀሰቅስም።

ላይካ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ወዳጄ ኤም3 አለው፤ ከ1954 ጀምሮ የተሠራ ሞዴል ነው። በመመልከቻው ሳይ እንደዚያ የጠራ መስኮት የትም አላጋጠመኝም። ነገር ግን ኤም3 ብርሃን የሚለካ ነገር የለውም፣ በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ክፈፎችም ከ50 ሚሊሜትር ነው የሚጀምሩት። በአንድ ጠባብ ሳሎን አያት፣ ልጅና የቡና ረከቦት አንድ ላይ ለማስገባት በ50 ሚሊሜትር ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። ብርሃን የሚለካው ኤም6 በ1984 የወጣ ነው፤ ዋጋው ግን ካሜራው ብቻውን፣ ገና ሌንስ ሳይገዛለት፣ ከካኖኔት ብዙ እጥፍ ነው። ልጅሽ ሁለት ዓመቷ ነው ብለሻል። ሁለት ዓመት ስትቆጥቢ አራት ይሞላታል፤ በመሀል ያለው ዕድሜ ፎቶ የለውም።

ካኖኔት ጂ3 በ1972 የወጣ ነው። ሌንሱ 40 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.7፤ አይነቀልም፣ አይቀየርም። ይህን እንደ ጉድለት አትዪው። አንድ ሌንስ ብቻ ሲኖርሽ በሁለት ወር ውስጥ ካሜራውን ወደ ዓይንሽ ሳታነሺ ፍሬሙ ምን ምን እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። የሻተሩ ፍጥነት ከ1/4 እስከ 1/500 ሰከንድ ነው። ከሁሉ በላይ የምወድለት፣ ባትሪ ባይኖረውም በሁሉም ፍጥነትና በሁሉም አፐርቸር (በኤፍ ቁጥር የሚለካው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) መሥራቱን ነው፤ ባትሪው የሚያስፈልገው ብርሃን ለመለካት ብቻ ነው። ያሺካ ኤሌክትሮ 45 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.7 ግሩም ሌንስ አለው፣ ለጀማሪም ቀላል ነው፤ አፐርቸሩን ትመርጫለሽ፣ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል። ባትሪው ካለቀ ግን በ1/500 ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ያም ማለት ቤት ውስጥ ካሜራው ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለቱም ካሜራዎች የተሠሩት ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ አሁን አይመረትም። የካኖኔቱ 1.35 ቮልት ነበር። በመጠን የሚገጥመው የዛሬው አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ ቆጣሪው ብርሃኑን በተሳሳተ መንገድ ያነባል። እኔ የምጠቀመው ለመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠውን 675 ቁጥር ባትሪ ነው፤ 1.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ዙሪያውን በቀለበት አጥብቄ አስገባዋለሁ። ዕድሜው አጭር ነው፤ ወንድምሽ ከእዚያ አንድ እሽግ ይግዛልሽ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ካሜራውን ስለ መፈተሽ። ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊት እጁ ላይ ይዞ ይየው፤ በፎቶ ብቻ አይቶ አይግዛ። በመመልከቻው መሀል አንዲት ቢጫ ቦታ አለች። በእሷ ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ስታዞሪ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ተይዟል። ያቺ ቦታ ደብዝዛ የማትታይ ከሆነ ካሜራው ሬንጅፋይንደርነቱ ቀርቷል፤ ይተወው። ከታየች ደግሞ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው፣ የማያልቅ ርቀት ምልክቱ ላይ አድርጎ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ይመልከት። እኔ እዚህ የምፈትሸው የታቦር ተራራን ጫፍ ወይም የገብርኤልን ጉልላት መስቀል ከሩቅ በማየት ነው። ሁለቱ ምስሎች አንድ ካልሆኑ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ማስተካከል ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጀርባውን ከፍቶ በቀርፋፋው ፍጥነት እየተኮሰ ይይ፤ ቅጠሎቹ ዘይት ገብቶባቸው የሚጣበቁ ብዙ ናቸው። በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርቶ ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። የሐይቅ ዳር እርጥበት እሱን አይቀንሰውም። የባትሪው ማስቀመጫ አረንጓዴ ዝገት እንዳይኖረው። በጀርባው በር ጠርዝ ያለው ጥቁር ስፖንጅ እጅ ላይ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቢሆን ግን አያስፈራው፤ በሁሉም ላይ ያረጀ ነው፣ አውጥቶ ጥቁር የሱፍ ክር መተካት ይቻላል። የእኔን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቼዋለሁ።

ዲጂታል ሬንጅፋይንደርም አለ ወይ ላልሽው፣ ላይካ ኤም8 ከ2006፣ ኤም9 ከ2009 ጀምሮ አሉ፤ ዋጋቸው ከጥያቄሽ ውጭ ነው። ፉጂ ኤክስ100 መልኩ ይመስላል እንጂ በሁለት ምስል ማጋጠም የሚሠራ ሬንጅፋይንደር አይደለም፤ መልካም ካሜራ ግን ነው።

ካሜራው ከደረሰሽ በኋላ የሀዋሳን ብርሃን መልመድ ይቀርሻል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ውኃው ብርሃኑን ይመልሳል። 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ይሠራል) ካስገባሽ ካኖኔት በ1/500 እና በኤፍ 16 ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ በራስ-ሰር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ሲበዛበት መጫኛው እምቢ ይላል። ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ለቀን 100 ወይም 200 ፊልም፣ ለቤት 400 ያዢ። አሞራ ገደልን ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ሂጂ፤ ፀሐይዋ ከጀርባሽ መጥታ ዓሣ አጥማጆቹን፣ መረቡንና አባ ኮዳዎቹን ታበራለች።

ነጭ ልብስ ቆጣሪውን ያታልለዋል። ታኅሣሥ 19 በገብርኤል ዙሪያ ሁሉ ነጠላ ነው፤ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፣ የሰው ፊት ይጠቁራል። እኔ ያን ዕለት 400 ፊልም አስገብቼ ቁጥሩን 200 ላይ አደርገዋለሁ፤ አንድ ደረጃ ይከፍትልኛል፣ የሰዉ ፊት እንደ ቆዳው ቀለም ሆኖ ይወጣል።

መንገድ ላይ በቢጫዋ ቦታ ለማጋጠም ጊዜ አይኖርሽም፤ ርቀቱን ቀድመሽ አስቀምጪ። በ40 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 11 ላይ ሆነሽ ቀለበቱን 3 ሜትር ላይ ብታደርጊ፣ ከ1.9 ሜትር እስከ 7.7 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ሦስት ሜትርን ለመገመት ባጃጅ ተጠቀሚ፤ ከፊቱ እስከ ኋላው 2.6 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሳምንት ያለ ፊልም፣ የቆሙ ባጃጆችን እያየሽ ብቻ ተለማመጂ። ሰዉን ደግሞ ሰላም ብለሽ አንሺ። አሞራ ገደል ያሉት ልጆች እኔን የሚያውቁኝ ያነሳኋቸውን አሳትሜ ስለምወስድላቸው ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራዬን ሲያዩ ሥራቸውን አያቆሙም። አልፈልግም ያለሽን ሰው፣ በተለይ እናቶችን፣ አታንሺ።

ቤት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ቡና ሲፈላ በመስኮት በሚገባ ብርሃን 400 ፊልም ይዘሽ አፐርቸሩን እስከ 1.7 ከፍተሽ በ1/30 ታነሻለሽ፤ የሚንቀጠቀጥ መስታወት ስለሌለ በእጅ ይቻላል። ግን በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጥርት የሚለው ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 14 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቢጫዋን ቦታ ልጅሽ ዓይን ላይ አጋጥሚ፣ አፍንጫዋ ላይ አይደለም። ከ80 ሳንቲሜትር በታች ፎከስ አይይዝም፤ የጨቅላ ጣት በቅርብ ማንሳት ካማረሽ ስልክሽ ይሻላል። የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቺ ፎቶ ብታነሺም መስኮቷ ምንም አትነግርሽም፣ በሌንሱ ውስጥ ስለማታይ። ክዳኑን ትተሽ ግልጽ ፊልተር ግጠሚለት።

ፊልሙንም ወንድምሽ ይዞልሽ ይምጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ፤ አዲሶቹ የፍተሻ ማሽኖች ፊልም ይጎዳሉ። ጥቁርና ነጭ ከመረጥሽ ማጠቡን ራስሽ ትማሪያለሽ። እኔ ኤችፒ5 የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ዲ-76 በሚባል ማጠቢያ ኬሚካል፣ አንድ ለአንድ ከውኃ ጋር ቀላቅዬ አጥባለሁ። በ20 ዲግሪ 11 ደቂቃ ነው፤ የእኛ ቧንቧ ውኃ ግን አብዛኛውን ጊዜ 24 ስለሚደርስ ወደ 8 ደቂቃ አወርደዋለሁ፣ ወይም የውኃውን ጠርሙስ ከማታ ጀምሬ ፍሪጅ አስገባለሁ።

የመጀመሪያውን ፊልም ለልጅሽ ልደት አታውዪው። 36ቱንም በቤት ደጃፍ ጨርሺው፤ አንድ ነገር በአንድ ሜትር፣ በሦስት ሜትር፣ በሩቅ፣ ፍጥነቱንና አፐርቸሩን ደብተር ላይ እየጻፍሽ። ከታጠበ በኋላ አምጪው፣ የትኛው ርቀት ላይ እንደሚስት አብረን እናያለን። ማጠቢያው ታንክና ጥቁር ከረጢቱ እኔ ዘንድ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ባለቤቴም ትኖራለች፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ።