«ለአስታማሚዬ ሳይሆን ለእኔ ይንገሩኝ»፦ ጥያቄና መልስ

አከርካሪዬ በመኪና አደጋ ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበር መንቀሳቀስ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን አዲስ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች አልጋቸው ድረስ እየሄድኩ ከሐኪም ጋር መነጋገርን አለማምዳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ስለ ሕመማችን ራሳችን እንድንናገር ግን የማውቀውን ሁሉ አካፍላለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። አንገቱ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ወዲህ ሐኪሙ «ምን ያምሃል?» ሲለው እኔን ያያል። እኔም እመልስለታለሁ። እንዴት ላለማምደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመቀመጫሽ ጀምሪ። አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ታካሚው ወንበሩ በገባበት ጥግ ይቀራል። ሐኪምም ዓይኑ ያረፈበትን ሰው ያናግራል። ስለዚህ ወንድምሽን ከጠረጴዛው ፊት አድርጊው፣ አንቺ ከኋላው ተቀመጪ። ተጠይቆ ዝም ካለ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ያ ዝምታ ይከብዳል፤ ቻዪው።

ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱ። እኔ የቸኮለውን ሐኪም እሆናለሁ፤ ካርድ እያገላበጥኩ፣ ቀና ሳልል «እሺ፣ ቀጥል» እላለሁ። አንድ ወጣት በመጀመሪያው ቀን ስሙን ተናግሮ ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን አለቀሰ። በሦስተኛው ሳምንት ቀጠሮው ደረሰና ሐኪሙ እናቱን «ሽንቱ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ዶክተር፣ ሕመሙ የእኔ ነው፤ እኔን ይጠይቁኝ» አለ። ሐኪሙም ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። እናቱ ይህንን ስታወራ እስከ ዛሬ እንባዋ ይቀድማታል።

ጥያቄ፦ ድንገተኛ ክፍል ስገባ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ማስረዳት ያደክመኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ አንድ ገጽ ወረቀት። ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው፣ የማይስማማዎት መድኃኒት፣ የሽንት ቱቦው መቼ እንደተቀየረ፣ ስሜት የሌለው የሰውነትዎ ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጻፍበት።

ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በትልቁ የሚጻፍ ነገር አለ። ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ፊኛ ሲሞላ፣ የሽንት ቱቦ ሲታጠፍ ወይም ሆድ ሲደርቅ የደም ግፊት በድንገት ያሻቅባል፤ ራስ ይፈልጣል፣ ፊት ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃል። ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አንድ የማውቀው ሰው «ራሴን ፈለጠኝ» ሲል የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ተኛ። ግፊቱ የወጣው ግን ጭኑ ሥር በታጠፈው ቱቦ ምክንያት ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ራሴን ከፈለጠኝ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡኝ፣ ልብሴን አላሉ፣ ቱቦዬን እዩ፣ ግፊቴን ለኩ።» ይህንን ተረኛው ሁሉ ያውቃል ብላችሁ አትተዉት።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነኝ እናት ነኝ። ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሸክሙ ግን ለልጅ ይከብዳል። ልጅ እናቷን የሚያስደነግጥ ቃል ከሰማች ትቀንሰዋለች ወይም ትውጠዋለች። ቀጠሮ ሲይዙ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ያስመዝግቡ። ከሌለ ማኅበራችሁን ጠይቁ፤ ካልሆነም በጽሑፍ ይነጋገሩ። ያልገባዎትን ግን ራስ በመነቅነቅ አይለፉት፤ ሐኪሙ «ተስማምታለች» ብሎ ይመዘግባል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25 ሕክምና በታካሚው ነጻና በመረጃ ላይ በተመሠረተ ፈቃድ እንዲሰጥ ይላል። ሳይገባን የሰጠነው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። አሜሪካ ሆናችሁ ለምትጽፉልኝ ደግሞ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች፣ ለምልክት ቋንቋም ለአማርኛም፣ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከአስቸኳይ አደጋ በቀር ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምም አይፈቀድላቸውም።

ጥያቄ፦ ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ ሁለቱ የመድኃኒት ጠርሙሶቼ እኩል ናቸው።

መልስ፦ ከመድኃኒት ቤቱ ሳይወጡ በአንዱ ላይ ላስቲክ ያስሩ። አወሳሰዱን ባለሙያው ሲነግርዎት በስልክዎ ይቅዱት።

ጥያቄ፦ ሐኪም ፊት እንዲህ መናገር ድፍረት አይሆንም ወይ? እኛ ያደግነው ዝም ብለን ሰምተን ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጨዋነትዎን ማንም አይወስድብዎትም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» ይበሉ። ቀጥሎ ሦስት ነገር ብቻ፦ ይህ ምርመራ ለምንድን ነው? ሌላ አማራጭ አለ? ባላደርገው ምን ይሆናል? እኔ ለዓመታት አልጠየቅኩም ነበር። ክብደቴን እንኳ የለካኝ አልነበረም፤ ቆሜ ሚዛን ላይ መውጣት ስለማልችል በግምት ይጻፍልኝ ነበር። መጠናቸው በክብደት የሚሰላ መድኃኒቶች እንዳሉ ሳውቅ ደነገጥኩ። በመጨረሻ የእህል ሚዛን ያለው ነጋዴ ጎረቤቴ ከነወንበሬ መዘነኝ፤ ከዚያ ባዶ ወንበሩን መዝነን ቀነስን። ከግምቱ አሥራ አንድ ኪሎ እበልጥ ነበር። ቁጥሩን ስነግረው ሐኪሙ አመሰገነኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ስለ ራሷ ሕክምና ምን መወሰን ትችላለች?

መልስ፦ እናንተ ከምታስቡት በላይ። በትንሹ ጀምሩ፤ ደም ከየትኛው ክንዷ ይቀዳ? መጀመሪያ ግፊት ይለካ ወይስ ሙቀት? ምርጫውን ለሁለት አድርጉት፣ በአጭር ቃል፣ ዕቃውን እያሳያችሁ። እምቢ ስትል ምክንያቷን ፈልጉ። እኔ የማውቃት አንዲት ሴት መርፌ ባየች ቁጥር ትጮህ ነበር። «አስቸጋሪ ናት» ተብላ ሁለት ሰው ይይዛት ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ተንበርክካ «የቱ ክንድሽ ይሁን?» አለቻት። ረጅም ጊዜ አሰበችና የግራ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች።