ዲቲ ወይስ ኤጂ 200 ላልከው የሐዋሳ ልጅ

ወንድሜ፣ ለሥራ መመላለሻም፣ እረፍት ሲገኝ ባሌ ድረስ ለመውጣትም የሚሆን ያገለገለ ሞተር ነው የፈለግከው፤ ያማሃ ዲቲ 125 ወይስ ኤጂ 200። እኔ ኤጂ ነው የያዝኩት፣ ከሱ ልንገርህ።

1. ኤጂውን ግዛ። ዲቲ ሲነሳ ደስ ይላል ግን ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ነው የሚያቃጥለው፣ ረጅም መንገድ ላይ ስለ ዘይት ስታስብ ትውላለህ። ኤጂ ለእርሻ የተሠራ ስለሆነ ፍጥነት አትጠብቅ፣ ግን ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ጭቃ አይገባበትም፣ የኋላ መጫኛውም ሰፊ ነው።

2. ወረቀት! ብዙዎቹ ከእርዳታ ድርጅት የወጡ፣ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም፣ ሻጩ "በውክልና እንጨርስ" ይልሃል፣ እሺ እንዳትል። ሲፈልግ ይሽረዋል፣ ከሞተማ አበቃ። ስም እስኪዞር ግማሹን ብር ያዝ። እኔ ስይዝበት ሰውዬው አኩርፎ ነበር፣ ግን ያ ብር ባይኖር ስልኬንም አያነሳ ነበር ምክንያቱም ፋይሉ ከአዲስ አበባ በስንት ልመና መጥቶ ምርመራ ላይ ስንደርስ አንዱ መርማሪ የሞተር ቁጥሩን ገረፍ አድርጎ አየና "ሞተሩ ተቀይሯል፣ ቀጣይ!" አለኝ። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) 8 ይላል፣ ሞተሩ ላይ ያለው 3 ይመስላል። ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት እኮ ነው ብል ማን ሰምቶ! ሻጩን ጎትቼ ጋራዥ ወሰድኩት፣ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጠብነው፣ ወረቀት ለጥፌበት በእርሳስ ሳሸው 8ቷ ቁልጭ ብላ ወጣች። ወረቀቷን ለመርማሪው ሳሳየው ይቅርታ የለ ምን የለ፣ ማህተሙን ደቅ አድርጎ "ቀድመህ አታጥበውም ነበር?" እስካሁን ያበግነኛል። እና አንተ ብር ሳትቆጥር የሞተሩንም የሻንሲውንም (የአካሉን ብረት) ቁጥር አጥበህ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። የጉምሩክ ወረቀቱንም ኮፒ ሳይሆን ኦርጅናሉን በዓይንህ እይ።

3. ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ፣ የባሌ ተራሮች ላይ ስትወጣ 4,000 ሜትር ታልፋለህ፣ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበት ያጣል። ተበላሸ ብለህ እዛ ብርድ ላይ እንዳትፈታው፣ በሁለተኛ ማርሽ ዝም ብለህ ውጣ፣ ስትወርድ ይስተካከላል። እኛ ሁለት ሰው ሆነን ዕቃ ጭነን እዛው ሳነቴ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ስር ደርሰናል፣ ዲቲ የያዘው ጓደኛችን ግን ዶዶላ ላይ ዘይት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ነበር።

ሻጩ ስንት ጠራብህ? የሊብሬውን ፎቶ በውስጥ ላክልኝና ልየው።