የቴንዱልካር ጓደኛ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሻርጃ ነው። የ13 ዓመት ልጃችን ከህንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር ስላደገ ከእግር ኳስ ይልቅ ክሪኬት ይወዳል። አሠልጣኙ «እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም» ይለናል። አብሮኝ ለሚሠራ የሙምባይ ሰው ይህን ብነግረው ግን «ካምብሊ እንዳይሆንብሽ» አለኝ። ካምብሊ ማን ነው? ምን ሆኖ ነው መቀጣጫ የተደረገው?
(እናት፣ ከሻርጃ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረባዎ ይህን ስም ያነሣው በክፋት አይመስለኝም። ነገር ግን የህንዳዊው ክሪኬት ተጫዋች የቪኖድ ካምብሊ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ «ተሰጥኦ ነበረው፣ ጠባይ አልነበረውም» ተብሎ ይዘጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፑኔ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የተከታተልኩት ሰው ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ሙምባይ ውስጥ ከትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ አዛድ ማይዳን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። በአንድ ጊዜ ብዙ ግጥሚያ ይካሄድበታል። ሜዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ የአንዱ ጨዋታ ተጫዋች የሌላው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ተንደርድሮ ሲመጣ ገለል ይልለታል። በክሪኬት መቺ ነጥብ የሚሰበስበው ተጋጣሚዎቹ እስኪያስወጡት ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1988 በዚህ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት የሃሪስ ሺልድ ግጥሚያ፣ የ16 ዓመቱ ካምብሊና ገና 15 ዓመት ያልሞላው፣ በኋላ ከህንድ ታላላቅ መቺዎች አንዱ የሆነው ሳቺን ቴንዱልካር ማንም ሳያስወጣቸው አብረው 664 ነጥብ አስቆጠሩ። ቴንዱልካር 326፣ ካምብሊ ደግሞ ቀድሞ ስለ ገባ ከዚያ በፊት ያገኘውን ጨምሮ 349። ረዳት አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ይብቃችሁ» እያለ ምልክት ቢሰጥም እንዳላዩ ሆነው ቀጠሉ። በምሳ ሰዓት ዋናው አሠልጣኝ ራማካንት አችሬካር በስልክ መምታቱ ይብቃና ተራው ለተጋጣሚ ይሰጥ ብለው አዘዙ። ካምብሊ ስልኩን ተቀበለና 350 ለመሙላት አንዲት ነጥብ ብቻ እንዲፈቅዱለት ለመናቸው። አልፈቀዱም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ካምብሊ አምስት ቀን በሚፈጀው በቴስት ክሪኬት ለህንድ መሰለፍ ጀመረ። በሦስተኛ ግጥሚያው እንግሊዝ ላይ 224፣ በአራተኛው ዚምባብዌ ላይ 227 አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ስሪላንካ ላይ ሁለት ጊዜ ከመቶ አለፈ። 14 ጊዜ ብቻ ለመምታት ገብቶ አንድ ሺህ ነጥብ ሞላ፤ ከህንዳውያን እንደ እርሱ የፈጠነ የለም። እርስዎ በሚኖሩበት በሻርጃም እ.ኤ.አ. በ1994 ኳስ በማሽከርከር ወደር ያልነበረውን አውስትራሊያዊ ሼን ዋርንን በአንድ ዙር ስድስት ኳስ 22 ነጥብ አስቆጥሮበታል።

ከዚያ የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን ዌስት ኢንዲስ መጣ። ፈጣን ወርዋሪያቸው ኮርትኒ ዋልሽ ረጅም ሰው ነበር፤ ኳሱን ከመሬት አንጥሮ ወደ ጎድንና ወደ ጉሮሮ ይልከዋል። ካምብሊ ወደ ፊት ተራምዶ መምታት የለመደ ልጅ ነበርና ይህን ኳስ መቋቋም አቃተው። በዚህ ደረጃ ክሪኬት ደግሞ ድክመት አይደበቅም፤ አንዱ ካየው ሁሉም እዚያው ላይ ይወረውራል። በኖቬምበር 1995 የመጨረሻውን ቴስት ሲጫወት ዕድሜው 23 ነበር። 17 ግጥሚያ፣ 1084 ነጥብ፣ አማካይ 54.20። በክሪኬት ከ50 በላይ አማካይ የታላላቆች ሚዛን ነው። በዚህ ውጤት የ23 ዓመት ወጣት ከቡድን ወጥቶ ዳግመኛ አለመጠራቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በተከታዩ ዓመት ጋንጉሊና ድራቪድ የሚባሉ አዲስ መቺዎች መጡ፣ ቦታውም ተያዘ። በአንድ ቀን በሚያልቀው የክሪኬት ዓይነት እስከ 2000 ቢሰለፍም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1996 በካልካታ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተመልካች ረብሾ ጨዋታው ሲቋረጥ እያለቀሰ ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ። ሁለቱን ልጆች ያሠለጠኑት አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን የምፈልገው ከሜዳ ውጭ ነው። ካምብሊ ካንጁርማርግ ከሚባል የከተማው ዳር ሰፈር መሣሪያውን ተሸክሞ በሕዝብ በተጨናነቀ ባቡር ይመላለስ ነበር። ቴንዱልካርን ግን ቤተሰቡ ለልምምድ እንዲቀርበው ብሎ ከሺቫጂ ፓርክ ሜዳ አጠገብ አክስቱ ቤት አኖረው። ታላቅ ወንድሙ አጂት ደግሞ እንዴት እንደ ወጣ ዘወትር አብሮት ይነጋገር ነበር። ቴንዱልካር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሰናበት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት እንኳን አጂት ደውሎ ስለ መጨረሻው አወጣጡ እንዳነጋገረው ለተመልካቹ ተናግሯል። ከ200 ቴስት በኋላ! እኔ ትልቁን ቁም ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። ካምብሊ ከመጠጥ ጋር ስላደረገው ትግል ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ የቴስት በር የተዘጋበት ግን ያን የሚነጥር ኳስ መመለስ ስላቃተው ነው፤ ያም ሊማሩት የሚቻል ነገር ነበር።

በዚያ የ664 ቀን አንድ ሌላ ልጅም ነበር። አሞል ሙዙምዳር ቀጣዩ መቺ እርሱ ስለነበር የእግር መከላከያውን አስሮ ሲጠብቅ የቡድኑ የመምታት ተራ አለቀ። ካደገ በኋላ ለቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) በተሰለፈበት በመጀመሪያው ግጥሚያ 260 አስቆጠረ፤ በአገር ውስጥ ውድድር ከ11 ሺህ ነጥብ በላይ ሰበሰበ፤ ለህንድ ግን አንድም ቀን አልተጠራም። በኖቬምበር 2025 የህንድ ሴቶች ቡድን የዓለም ዋንጫ ሲያነሣ አሠልጣኙ እርሱ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አሠልጣኙን «ልጄ ምን አይችልም?» ብለው ይጠይቁት። «ሁሉንም ይችላል» ካለዎት ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጉ። በዕድሜ ከሚበልጡት ወርዋሪዎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ይለማመድ፤ መከላከያ ቆብ ሳያደርግ ግን አይግባ። ማታ ቤት ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ከማለት «እንዴት ወጣህ?» ይበሉት፤ ጨዋታውን ባያውቁትም ያስረዳዎታል። ሻርጃ ስታዲየም ግጥሚያ ሲኖርም ይዘውት ይሂዱና መቺው የመጀመሪያዎቹን አሥር ኳሶች እንዴት እንደሚጫወት ልብ ብሎ እንዲያይ ይንገሩት።