ለካታሊቲክ ኮንቨርተሩ 2,400 ዶላር ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ ሰላም ነው? ያልሽው ከገባኝ መኪናሽ 2019 ሞዴል ነው፣ ሁለተኛ ባለቤት ነሽ፣ 71 ሺ ማይል ሄዷል፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮዱ ፒ0420 ነው (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራው የጭስ ማውጫው ክፍል፣ በደንብ እየሰራ አይደለም የሚል)፣ ኢሚሽን (የጭስ ምርመራው) ወድቆብሻል፣ ዲለሩ ደግሞ "ዘይት እዚህ ስለማትቀይሪ ዋራንቲው አይሸፍንም፣ 2,400 ዶላር ነው" አለሽ። እባክሽ እንዳትከፍዪ! እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ጋራዥ ስሰራ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ደንግጦ ካርዱን አውጥቶ የከፈለ ስንት የኛ ሰው አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የመኪናው የ3 ዓመት 36 ሺ ማይል ዋራንቲ አልቋል፣ እሱ ልክ ነው። ግን የኢሚሽኑ፣ ማለትም የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎቹ፣ ዋራንቲ ራሱን የቻለ ነው፣ ክሊን ኤር አክት የሚባለው የፌደራል ህግ ከ1995 ሞዴል ጀምሮ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ የኢሚሽን ኮምፒውተሩንና ኦቢዲውን (ብልሽት ተከታትሎ ኮድ የሚያወጣውን) ለ8 ዓመት ወይም ለ80 ሺ ማይል፣ ቀድሞ የሞላው እስኪደርስ ይሸፍናል። መኪናው ሲሸጥ ዋራንቲውም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ባለቤት መሆንሽ ችግር የለውም። ዓመቱ የሚቆጠረው ግን አንቺ ከገዛሽበት ሳይሆን መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ኡበር ምናምን የምትነጂበት ከሆነ የቀረሽ 9 ሺ ማይል ሳታስቢው ያልቃል ቶሎ በይ።

የዘይቱ ነገር ደግሞ ከማኑዋሉ ጋር ያለችውን ትንሿን የዋራንቲ መጽሐፍ አውጪና ኢሚሽን የሚለውን ክፍል ግለጪ፣ የኢሚሽን ክፍሎችን ጥገና የትኛውም ጋራዥ ወይም ግለሰብ ሊሰራው ይችላል የሚል ታገኛለሽ፣ ህጉ አስገድዷቸው ነው የጻፉት። ፎቶ አንሺው። ማግነሰን ሞስ የሚባለው የ1975ቱ ህግም "እኛ ጋ ሰርቪስ ካላደረግሽ ዋራንቲ የለሽም" ማለትን ይከለክላል። እውነቱን ለመናገር ዘይት ሳይቀየር ቆይቶ ሞተሩ ዘይት እየበላ ኮንቨርተሩን ካቃጠለው ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ ግን የሰፈር ሜካኒክ ጋ ሄደሻል ማለት ብቻ አይበቃም፣ ጉዳቱ በዚያ መምጣቱን ማሳየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። የዘይት ሪሲቶችሽን ሰብስቢ፣ ካሽ እየከፈልሽ ካልተቀበልሽ ሜካኒክሽ ከመዝገቡ ቀኑንና ማይሉን አውጥቶ ይስጥሽ።

ኮዱን ግን ማንም እንዳያጠፋልሽ!! ኮዱ ሲጠፋ ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት ኮምፒውተሩ የያዘው መረጃ አብሮ ይጠፋል፣ ኢንስፔክሽን ስትሄጂም ገና ዝግጁ አይደለም ብለው ይመልሱሻል። ደግሞ ፒ0420 ሁሌ ኮንቨርተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፣ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ካለው ወይም ኦክስጅን ሴንሰሩ ከተበላሸም ይመጣል፣ ሴንሰሩ በፌደራሉ ህግ የሚሸፈነው ለ2 ዓመት 24 ሺ ማይል ብቻ ነው። በትክክል ምን እንደተበላሸ የመረመሩበትን ወረቀት ጠይቂ።

ኮሜንት ላይ "እኔ በ400 ዶላር ርካሹን አስገባልሻለሁ" ያለሽን ወንድማችንን አትስሚው። የፋብሪካው 8 ዓመት 80 ሺ ማይል ሳያልቅ ጋራዥ አፍተርማርኬት (የፋብሪካው ያልሆነ) ኮንቨርተር እንዲያስገባ ኢፒኤ (የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) አይፈቅድም፣ ቆርጦ ማውጣትማ ጭራሽ በፌደራል ህግ የተከለከለ ነው፣ እሱንም አንቺንም ችግር ውስጥ ይከታል።

እና የወደቅሽበትን የኢንስፔክሽን ወረቀት ይዘሽ ዲለሩ ጋ ተመለሺ፣ ከፊት ከተቀመጠው ልጅ ጋር አትከራከሪ፣ ሰርቪስ ማናጀሩን አስጠሪና "በኢሚሽን ዋራንቲ እንዲሰራልኝ እጠይቃለሁ፣ ካልሆነ ምክንያቱን በጽሁፍ ስጡኝ" በይ። ጻፉልኝ ስትያቸው ብዙ ጊዜ ወሬው ይቀየራል። ኢሚሽን ወድቆ ለመጣ መኪና ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው፣ ያንን ካሳለፉ በነጻ መስራት ግዴታቸው ነው፣ ስለዚህ ያስገባሽበት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበያቸው። እምቢ ካሉ መጽሐፏ ላይ ባለው ቁጥር ፋብሪካውን ራሱን ደውዪለት፣ እሱም ካልሆነ ለኢፒኤ አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ።

መኪናው ሳልቬጅ ታይትል (በከባድ ጉዳት ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጪ ያለው መሆኑን የሚያሳይ የባለቤትነት ወረቀት) ያለው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ብዙ ፋብሪካዎች ዋራንቲውን ይሰርዙታል። ታይትሉን አይተሽ ንጹህ ከሆነና መጀመሪያ የተሸጠበትን ቀን ካገኘሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ ቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ግን በአደባባይ እንዳትለጥፊ በውስጥ ላኪልኝ።